የደጋ ካርቡሬተር ድሬዳዋ ሲወርድ

ሰው ድሬዳዋ ለምን እንደሄድኩ ሲጠይቀኝ "የድሮ ባልደረቦቼ ጠርተውኝ" እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ ጠርተውኛል። ግን ለግብዣ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደ ማንኛውም ጡረተኛ አውቶቡስ እሳፈር ነበር እንጂ አሮጌ ሞተር ሳይክል በጭነት መኪና አስጭኜ አልወርድም።

ይህን የምጽፈው ደብረ ብርሃን ቤቴ ገብቼ፣ ጋቢ ደርቤ ነው። አንባቢዬ ድሬዳዋን ላያውቅ ይችላል፤ እኔንም አያውቀኝም። ስለዚህ ከመንገዱ በፊት ጥቂት ልናገር።

በወጣትነቴ ድሬዳዋ ውስጥ የወባ መከላከል ሠራተኛ ነበርኩ። በየገጠሩ እየዞርኩ ቤት የሚረጩትን እቆጣጠር ነበር። ለዚህ ሥራ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ድንጋይና አሸዋ የማይፈራ የገጠር ሞተር ተሰጠኝ። ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎለት የሚጠጣ ዓይነት ነው። አንድ ቀን ወደ ሐርላ ስሄድ ፒስተኑ ተጣበቀ፤ የኋላ ጎማው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እኔ ተወርውሬ ግራ ጉልበቴ ተሰበረ። ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ አለቃዬ አቶ ሰይፉ "ዘይት ሳትቀላቅል ነድታ ሞተሩን አቃጠለችው" ብለው ለበላይ አስታወቁ። ስወጣ ሞተሩን ተነጠቅኩ፤ ጠረጴዛ ተሰጠኝ። ስምም ተሰጠኝ፦ ብዙነሽ ዘይት። ለእኔ ታጭቶ የነበረ ሰውም በዚያው ሰሞን ሐሳቡን ቀየረ። ማን እንደነበረ እዚህ አልጽፍም።

ዘይቱን አልረሳሁም። ለክቼ የጨመርኩት እኔው ነኝ። ሞተሩ ከአዲስ አበባ መጋዘን እንዳለ የመጣ ነበር፤ ካርቡሬተሩ ለደጋ የተስተካከለ። ደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑም ቀጠን ብሎ መግባት አለበት። ቆላ ሲወርዱ አየሩ ይወፍራል። ቤንዚኑ አብሮ ካልጨመረ ሞተሩ ይደርቃል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ፒስተኑ ይነክሳል። ድምፁ እየደረቀ መሆኑን ለአቶ ሰይፉ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። "አንቺ ንጂ፤ መካኒክ አይደለሽም" ነበር መልሳቸው። አሁንም "አቶ" የምላቸው አስተዳደጌ ይዞኝ ነው።

መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ንብረት ሲያስወግድ ያንኑ ሞተር በጨረታ ገዛሁት። ታንኩ ላይ የወደቅኩበት ጭረት አለ። የደብረ ብርሃን መካኒክ ፒስተኑን ቀየረልኝ፣ ካርቡሬተሩንም ለእኛው ብርድ አስተካከለው። ድሬዳዋ ላይ እንደገና ሌላ እንደሚያስፈልገው አውቅ ነበር። ካርቡሬተር የሚመረጠው ሞተሩ በሚነዳበት አየር ነው። አሳቤ ይህ ነበር፦ ከቅዳሜው ግብዣ በፊት ለቆላ አስተካክዬ፣ በዚያው ሞተር አቶ ሰይፉ ግቢ ድረስ ነድቼ ገብቼ፣ "ዘይት አልረሳችም" የሚለውን ቃል በሁሉም ፊት ከአፋቸው መስማት። ሌላ የምፈልገው አልነበረኝም።

ማክሰኞ

ታፈሰ የሚባል ሾፌር ወደ ሐረርጌ ብርድ ልብስ ጭኖ ይወርድ ነበር። ሞተሩን በብርድ ልብሶቹ መካከል አስተኛው። "እትዬ ብዙነሽ፣ እንደ አራስ ተጠቅልሎ ነው የሚሄደው፤ አያስቡ" አለኝ። አላስብም አልኩት። አስብ ነበር።

ስንነሳ ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። እህቴ አጥር ላይ ተደግፋ "በዚህ ዕድሜሽ ሞተር! ሰው ምን ይልሻል?" አለች። የሚለኝን ብሎ ከጨረሰ ቆይቷል ብያት መኪናው ላይ ወጣሁ። ስንቅ አልቋጠረችልኝም።

አዳማ ምሳ በላን። ከመተሐራ ወዲህ መጀመሪያ ጋቢውን፣ ቀጥሎ ሹራቡን፣ ቀጥሎ ካልሲዬን አወለቅኩ። አዋሽ አደርን። የያዝኩት አልጋ አጎበር አለው፤ አጎበሩ ግን ጭንቅላት የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለው። ስንቱን ቤት "አጎበራችሁን ስፉ" እያልኩ የዞርኩ ሴት ቀዳዳውን በሻሼ ቋጥሬ ተኛሁ። ጠዋት ለባለቤቷ ነገርኳት። "ምን ላድርግ እማማ፣ ትንኟ ከእርስዎ በፊት ደንበኛችን ናት" አለችኝ። ያን ጊዜ አልሳቅኩም።

ረቡዕ

ከአሰበ ተፈሪ ወዲያ መንገዱ ተራራ ለተራራ ነው። ቁልቢ ስንደርስ አንዱ ጎማ ተነፈሰ። ታፈሰ እስኪቀይር ድረስ መንገድ ዳር የቆሙ ሰዎች ሞተሩን አወረዱልኝ። የወደቅኩት በግራ ስለሆነ ቀኝ እግሬ ደህና ነው፤ አንዴ ስረግጠው ተነሳ። የቁልቢ ብርድ የእኛው ብርድ ነው። ካርቡሬተሩ ቤቱ የደረሰ ሳይመስለው አልቀረም፤ ድምፁ ክብና ለስላሳ ነበር።

ሰው ተሰበሰበ። አንዲት ሴት "እማማ፣ ሞተሩ ለስለት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ቁልቢ ለስለት ያልመጣ ነገር የለምና አልፈረድኩባትም።

"አይ፣ ለጸብ ነው" አልኳት።

ከደንገጎ ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ዳቦ ቤት በር ፊቴ ላይ ተከፈተ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ድሬዳዋ ገባን። ታፈሰ መጋላ ሰፈር የሚያውቀው መካኒክ ዘንድ አደረሰኝ። ሙክታር ይባላል፤ ሶማሌ ነው፤ ሆዱ ከቀበቶው ቀድሞ ይሄዳል። አሮጌ የገጠር ሞተር ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም ባይ ነው።

"ሀዬ! ይህን ያመጣሽው አንቺ ነሽ?" አለኝ።

በእኛ አገር እኔን "አንቺ" የምትለኝ እህቴ ብቻ ናት። ድሬዳዋ አንቱታ የለም፤ ሽማግሌውም ዳኛውም "አንተ" ነው። ረስቼው ነበር። ባስታውሰውም ቆረቆረኝ።

ሞተሩን አስነሳልኝ አልኩት። ረገጠ፣ ረገጠ። ሳለ፤ በካርቡሬተሩ አፍ እሳት ተፋ፤ ጠፋ። ቁልቢ ላይ በአንድ ርግጫ የተነሳው ሞተር ነው።

"ቤንዚን አነሰው" አልኩ።

"ወላሂ ልክ ነሽ" አለ በግርምት። "ማን ነገረሽ?"

"ራሱ ሞተሩ" አልኩት።

አልጋ ልፈልግ ስል ሚስቱ ሀሊማ ቦርሳዬን ከእጄ ነጠቀችኝ። "ቤት እያለ ሆቴል? ነውር ነው አቦ!" አለች። አላውቃትም፤ አታውቀኝም። ሩዝ በፍየል ሥጋ አቀረበችልኝ። ረቡዕ መሆኑን ስነግራት ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና ወጣች፤ ከጎረቤት ሽሮ ይዛ ተመለሰች። በመኝታም ጊዜ ፍራሽ ግቢ አወጣችልኝ። ድሬ ቤት ውስጥ ተኝቶ የሚያድር ብርድ የያዘው ነው አሉ። እኛ በርና መስኮት ደፍነን እናድራለን፤ እዚያ ሰማይ ይደረባል።

ሐሙስ

ጠዋት ሀሊማ ፈጢራ በእንቁላልና ወተት የበዛበት ሻይ ሰጠችኝ። ሙክታር ለድሮው ካርቡሬተር የቆላ መለዋወጫ አይገኝለትም ብሎ ታይዋን ገበያ ሄዶ አዲስ ካርቡሬተር ገዝቶ መጣ። ያብረቀርቃል። አየሁት፤ አፉ ከእኛው ሞተር አፍ ይጠባል፤ የተሠራውም ለሌላ ዓይነት ሞተር ነው።

"ይህ አይሆንም" አልኩ።

"አዲስ ነው እኮ አንቺ!"

"አዲስነቱን አየሁ። ልኩ አይደለም።"

"እኔ ልክ አደርገዋለሁ። ልክ የማደርገው እኔ ነኝ!"

ከካላማዳሪ ጎማ ቆርጦ መጋጠሚያ ሠራ፤ በሽቦ አሰረው። ሲረግጠው ሞተሩ ተነሳ፤ ከዚያ ማንም ጋዝ ሳይሰጠው ይጮህ ጀመር። በመጋጠሚያው ትርፍ አየር እየገባ ነው። ማጥፊያ ቁልፉ የቆየ ስለሆነ አይሠራም፤ ሙክታር ቆልፎ ከፍቶ አቃተው። ያ ጩኸት ሐርላ መንገድ ላይ ከመውደቄ በፊት የሰማሁት ጩኸት ነው። አዲሱ ፒስተኔ ሊነክስ ነው። ነጠላዬን ጠቅልዬ ካርቡሬተሩ አፍ ላይ ወተፍኩት። ሞተሩ ነጠላውን ጎርሶ፣ ግማሹን ውጦ ጸጥ አለ።

ሙክታር ነጠላውን ጎትቶ አወጣው፤ ቤንዚንና ጥላሸት ጠጥቷል። ከእናቴ የቀረኝ ነጠላ ነበር። አልነገርኩትም።

"አቦ ብዙነሽ፣ አንቺ ሰው ትፈሪ የለም እንዴ?" አለኝ።

"ሰውማ ፈርቼ አውቃለሁ" አልኩት።

ገና እኩለ ቀን ሳይሆን መሣሪያውን ሰበሰበ። ምነው ስል "በርጫ ነው" አለ። እኩለ ቀን ሲቃረብ ከተማው ይዘጋል፤ ሱቁ ይቆለፋል፤ ሰው ጫቱን ይዞ ጥላ ሥር ይጋደማል፤ ፀሐይ እስክትበርድ ማንም ምንም አይሠራም። እኛ ዘንድ በቀትር የተኛ ታሟል ይባላል። ቅዳሜ ደርሶብኛል ብዬ ተቆጣሁ። "ቅዳሜ እስኪደርስ ቅዳሜ አይደለም" አለና ትራሱን አስተካከለ።

ሀሊማ ግን አልተኛችም። ዶሮ አቅፋ ሁለት በር አልፋ ወደ አንድ ክርስቲያን ጎረቤት ስትሄድ አየኋት። ክርስቲያን የባረከውን እንድበላ ብላ አሳርዳ፣ በአዲስ ድስት ቀቅላ አቀረበችልኝ። ይህን ሁሉ ስታደርግ አንዴም አልጠየቀችኝም፤ እንደተለመደ ሥራ ነበር። ደብረ ብርሃን ለሌላ እምነት እንግዳ እንዲህ የተጨነቀ ሰው አላየሁም። ኖሮም ከሆነ የእኔ ጎረቤት አልነበረም። እንዴት እንደማመሰግናት ስለጠፋኝ ጨው አነሰው አልኩ።

"ሆዮ፣ አንቺ ምስጋናሽም ጠብ ነው" ብላ ጨው አመጣችልኝ። ሆዮ በሶማሌኛ እናት ማለት ነው።

ዓርብ

ሙክታር ከጁምዓ ሲመለስ፣ ከበርጫም ሲነሳ ፀሐይ በርዳ ነበር። አዲሱን ካርቡሬተር ፈትቶ ወረወረውና ከጓዳ ጆንያ ጎትቶ አወጣ። የሞቱ ሞተሮች ካርቡሬተር ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። "ነይ፣ አንቺው ምረጪ" አለ። ይቅርታ መሆኑ ነው።

መሬት ላይ ዘርግተን ተቀመጥን። አንዱን ጆሮዬ ሥር ነቀነቅኩት፤ በውስጡ የሚወጣና የሚወርደው ክፍል ይንኳኳል፤ አልቋል። ሁለተኛው አፉ ሰፊ ነው። ሦስተኛው ጥቁርና ቆሻሻ ነበር፤ ግን አፉ ልክ ነው፣ መጋጠሚያው አልተሰነጠቀም፣ ሲነቀነቅም ዝም ይላል። ይህ ነው አልኩ። ሙክታር በቤንዚን አጠበው። ቀዳዳዎቹን በሽቦ ሊወጋ ሲል እጁን ያዝኩት፤ ሽቦ ናሱን ያሰፋል። በመጥረጊያ ስንጥር ጠረግናቸው።

የቀረችው ጂግለር ናት። የቤንዚኑን መጠን የምትወስን፣ መሃሏ የተበሳች ጥፍር የምታክል የናስ ቁራጭ ናት። ካርቡሬተር ቆላም ደጋም የሚሆነው በእሷ ነው። ሙክታር ጂግለሮቹን እንደ ሙስበሃ፣ እንደ መቁጠሪያ፣ በክር ሰክቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሏቸዋል። አንዷን አሰረ፤ መልካ ጀብዱ መንገድ ድረስ ነድቼ ተመለስኩና ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈታን። ነጭ ነው፤ ደርቋል። ሰፋ ያለችውን ሞከርን፤ ጥቁርና እርጥብ ሆነ፤ በዝቷል። በሁለቱ መካከል ያለችውን አሰረልኝ። እንደገና ሄጄ መጣሁ። ሙክታር ካንዴላውን ወደ ብርሃን አነሳው፤ ነጭም ጥቁርም አይደለም፣ ቡናማ ነው።

"ቴምር! ቴምር መስሏል፤ አለቀ!"

"ቆሎ ነው የመሰለው" አልኩ። "ልክ የደረሰ የገብስ ቆሎ።"

"በድሬዳዋ ቴምር ነው አቦ! ቆሎሽን አገርሽ ሂጂ!"

ሞተሩ እንደ ቁልቢው ክብ ድምፅ ያወጣ ነበር። ከደብረ ብርሃን የመጣውን ካርቡሬተር ፈትቼ የደጋዋን ጂግለር አወጣሁና ኪሴ ከተትኩ። ለሥራ አልነበረም።

ቅዳሜ

ነጠላዬ ስለተበላሸ ሀሊማ ብርቱካንማ የሶማሌ ሻሿን አለበሰችኝ። እንደዚያ ዓይነት ቀለም ለብሼ አላውቅም። መስተዋት አላየሁም።

አቶ ሰይፉ የሚኖሩት ከዚራ ሰፈር ነው፤ የባቡሩ ዘመን ቤት፣ ሰፊ በረንዳ፣ መንገዱን ሁሉ የሸፈነ ዛፍ። የግቢው በር ክፍት ነበር፤ እስከ በረንዳው ነድቼ ገባሁ። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሆነው ተቀምጠዋል፤ ያኔ ሁሉም ፀጉራቸው ጥቁር ነበር። አጨበጨቡ።

"ብዙነሽ ዘይት መጣች!" አለ የድሮው መጋዘን ጠባቂ።

ሞተሩን ሳላጠፋ ወረድኩ። አቶ ሰይፉ ከዘራ ይዘው ተነሱ። አርጅተዋል፤ ጤነኛ ናቸው፤ ሁሉን ያስታውሳሉ። "ያው ሞተር ነው!" አሉ እየሳቁ። "ጭረቱ እንኳ አለ!"

"ያው ነው" አልኩ። "ድምፁን ይስሙት። ምን የተቀየረ ይመስልዎታል?"

አዳመጡ። "ጂግለሩን ቀይረሻል።"

ለዚህ መልስ አልተዘጋጀሁም ነበር። መንገዱን ሙሉ ያጠናሁት እሳቸው ሲክዱ የምለውን ነው።

"ታዲያ ያኔ ዘይት ረስቼ ነበር?"

"የለም" አሉ፤ እንደ ዋዛ። "ካርቡሬተሩ የደጋ ነበር። መካኒካችን በማግስቱ ፈትቶ አሳይቶኛል። ምን ላድርግ ብዙነሽ? ሞተሩን የላኩት የበላዮቼ ናቸው፤ ጥፋቱ የእናንተ ነው ብዬ ከነሱ ጋር ልጣላ? አንቺ ደግሞ ልታገቢ ነበር፤ ሥራውን መተውሽ አይቀርም ብለን ነው።"

ወደ ሌሎቹ ዞርኩ። "ሰማችሁ?"

ማንም አልደነገጠም። መጋዘን ጠባቂው ሳህኑን እያየ "ሞተሩ ከአዲስ አበባ ሲመጣ የተረከብኩት እኔ አይደለሁ? እናውቅ ነበር እኮ" አለ።

"ሁላችሁም?"

"አቦ፣ አንቺም እንደምናውቅ ታውቂያለሽ ብለን ነው እንጂ!" አለች አጠገቡ የተቀመጠችው፤ ከእኔ ጋር በአንድ ቢሮ የሠራች። "ስሙ የፍቅር ስም ነው። ድሬ ስም ያላወጣችለት ሰው አልተወደደም።"

አንድ የማያውቅ ሰው ፈልጌ ፊታቸውን በተራ አየሁ። የማስረዳው ሰው አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት ማስረጃ ስሰበስብ የኖርኩት ለሚያውቁ ሰዎች ነው።

"ይህን ሁሉ ዘመን ይዘሽው ዞርሽ?" አሉ አቶ ሰይፉ፤ ሳያፌዙ፣ አዝነው ነው ያሉት። ይህ ከሳቃቸው ይበልጥ አመመኝ። "በይ ተቀመጪ። ላንቺ ብለን ጊሽጣ አስመጥተናል። ትወጂ አልነበር?"

እወድ ነበር። ያን አስታውሰዋል። ከኪሴ ጂግለሯን አውጥቼ ባቀረቡልኝ ባዶ ሳህን ላይ አስቀመጥኳት። ናስ በሸክላ ላይ ስታርፍ ያሰማችው ድምፅ ትንሽ ነው።

"ይቺ የእርስዎ ናት" አልኳቸው።

ሞተሩ እስካሁን አልጠፋም ነበር። ተቀምጬበት ወጣሁ። "ብዙነሽ!" ብለው ተጣሩ፤ ዘይት የሚለውን ግን የጨመረ አልነበረም። ለአንድ ቀን።

ሙክታር ቤት ስገባ ሀሊማ ፊቴን አይታ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ለማንም የማልናገረውን ነገርኳት። አዳምጣ ስታበቃ "ምግቡን ሳትበዪ ወጣሽ?" አለችኝ።

"አልበላሁም።"

"እኔ ብሆን በልቼ ነበር የምሰድባቸው" አለች።

እሁድ

ሀሊማ ሐርላ አክስት አለቻት፤ ከኋላዬ ተፈናጥጣ ሄድን። ዳገት ሲሆን ወገቤን ታንቃለች፤ ቁልቁለት ሲሆን ትጸልያለች። ሐርላ አካባቢ የጥንት ሰዎች የድንጋይ ፍርስራሽ አለ ይባላል፤ እንግዳ እሱን ሊያይ ይመጣል። እኔ አላየሁትም። አንድ መታጠፊያ ላይ አቆምኩ።

"ምን አለ እዚህ?" አለች ሀሊማ።

ቁልቋል ነበር፤ ድንጋይ ነበር፤ ሁለት ፍየሎች ነበሩ። "እዚህ ነው የወደቅኩት" አልኳት።

ወርዳ መሬቱን አየች፤ አንድ ድንጋይ አንስታ ከመንገዱ ወደ ገደሉ ወረወረች። ያ ድንጋይ ያኔ መኖር አለመኖሩን ማን ያውቃል? ግን ወረወረችልኝ። ካንዴላውን ፈትቼ አየሁ፤ ሞተሩ በዚያ ዳገት ላይ እንኳ አልደረቀም።

"ቆሎ" አልኩ።

አንገቷን አስግጋ አየችው። "ቴምር ነው" አለች። ባሏን ነው የደገፈችው።

ሲሸኙኝ ሙክታር የእጁን ዋጋ ላለመቀበል ተጣላኝ፤ ሀሊማ ብርቱካንማውን ሻሽ ልመልስላት ስል ተጣላችኝ። የድሬ ሰው ደግ ነው። ስሜን ያበላሹትም የድሬ ሰዎች ናቸው። ሁለቱን እንዴት እንደማስታርቅ አላውቅም፤ ስመለስ ታፈሰ መኪና ላይም መንገዱን ሙሉ አስቤ አልሆነልኝም።

ቤቴ ገብቼ ሞተሩን ብረግጠው ብረግጠው አልነሳ አለ። በመጨረሻ ተነስቶ ግቢውን በጥቁር ጭስ ሞላው፤ አንቆት ጠፋ። እህቴ አጥሩ ላይ ሆና አፍንጫዋን ያዘች። መካኒኬ መጥቶ ካንዴላውን ፈታው፤ ከሰል መስሏል።

"እትዬ ብዙነሽ፣ ይህ እኮ የቆላ ነው። ለዚህ አገር ቤንዚኑ በዝቷል። ልቀይርልዎ?"

"ተወው" አልኩት። "እንዲሁ ይቀመጥ።"

"እንዲህ ሆኖማ አይነዱትም!"

"መንዳቱን ነድቼዋለሁ።"

ራሱን ነቀነቀ። መሣሪያውን እየሰበሰበ "ለመሆኑ የደጋዋ ጂግለር የት ገባች?" አለኝ።

"ባለቤቷ ዘንድ" አልኩት።